አይጥ ኮፈን ሥር ስትገባ፦ ከመከላከያዎቹ የቱን እንምረጥ?

ለአይጥ የሚሸጠው መፍትሔ ከአይጧ ሳይበዛ አይቀርም። ሙጫው፣ መርዙ፣ ወጥመዱ፣ በድምፅ ያባርራል የሚባለው መሣሪያ፣ የሚያቃጥል ናስትሮ፣ የልብስ ብል መከላከያ ክኒን፣ ድመት። ሁሉም የየራሱ አድናቂ አለው። ግን መኪናው የት እንደሚያድርና ስንት ቀን ሳይንቀሳቀስ እንደሚቆም ሳይታወቅ የትኛውንም መግዛት ብር መበተን ነው። ዕለት ዕለት ሥራ የሚመላለስ ቪትዝና ባለቤቱ ውጭ አገር ሆኖ በቤተሰብ ግቢ ሸራ ለብሶ ክረምቱን የሚያሳልፍ ላንድክሩዘር አንድ ዓይነት መከላከያ አይፈልጉም።

አቋሜን ከመነሻው ልናገር። ገንዘባችሁን መጀመሪያ መኪናው የቆመበት መሬት ላይ አውሉት፤ ኮፈን ውስጥ የሚገባው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ለምን ሞተር ውስጥ?

አይጥ ሽቦ ርቧት አትገባም። ሞተር ከጠፋ በኋላ ለሰዓታት ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፤ ጨለማ ነው፣ ዝናብ አይደርስበትም፣ ውሻ አይገባበትም። ከኮፈኑ ሥር የተለጠፈው የሙቀትና የድምፅ መከላከያ ምንጣፍ ደግሞ ተቦጭቆ የተዘጋጀ ፍራሽ ይሆንላታል። ሽቦውን የምትቆረጥመው በጥርሷ ምክንያት ነው። የፊት ጥርሶቿ ዕድሜዋን ሙሉ ማደጋቸውን አያቆሙም፤ ካልተፋቁ በዓመት ከ10 ሴንቲሜትር በላይ ይረዝማሉ። ስለዚህ ያገኘችውን ሁሉ መቆርጠም አለባት፣ ቀጭን ሽቦ ደግሞ ለአፏ የተመቸ ነው።

ጋራዥ ውስጥ "የዘንድሮ መኪና ሽቦ ከአኩሪ አተር ስለሚሠራ ነው" ሲባል ትሰሙ ይሆናል። በአሜሪካ የሆንዳና የቶዮታ ባለቤቶች ይህንኑ ይዘው ፍርድ ቤት ሄደዋል። እኔ ግን በዚህ ምክንያት የመኪና ዓይነት አልመርጥም። አኩሪ አተር የሌለበትን የድሮ ፕላስቲክ ሽቦም፣ የጎማ ቱቦም፣ የእርሳስ ቧንቧም ሳይቀር አይጥ ስትበላ ኖራለች።

በደጋው አገራችን ሁለት ወቅቶች ያስቸግራሉ። በክረምት ጉድጓዷ ውሃ ሲገባበት ደረቅ ቦታ ትፈልጋለች። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ደግሞ ሌሊቱ ይበርዳል፣ አዝመራው ሲሰበሰብ የማሳዋ አይጥ ወደ ቤት ትጠጋለች። በከተማ ዳርቻ፣ እርሻ አጠገብ የተሠሩ ሰፈሮች ይህን በደንብ ያውቁታል።

ከመግዛታችሁ በፊት የገባችው የትኛዋ እንደሆነች ለዩ። ኩሷ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ ትንሿ የቤት አይጥ ናት። ከ1 ሴንቲሜትር ካለፈ ግን በተለምዶ አይጠመጎጥ የምንላት ትልቋ ናት። ለአንዷ የሚሠራው ለሌላዋ ላይሠራ ስለሚችል ይህ ልዩነት የምትገዙትን ሁሉ ይወስናል።

ወጥመድ፣ ሙጫ ወይስ መርዝ?

አንዴ ጎጆ ከሠራች ማባረር አይበቃም። መንገዱን አውቃለችና ትመለሳለች፣ የሽንቷ ሽታም ሌሎቹን ይጠራል። መያዝ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያ ምርጫዬ ባለ ስፕሪንግ ወጥመድ ነው። ርካሽ ነው፣ ደጋግሞ ያገለግላል፣ ሬሳው የት እንዳለም ይታወቃል። "አይሠራም" የሚሉት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወጥመድ ገዝተው ግቢው መሃል ያስቀመጡ ናቸው። አይጥ ሜዳ አታቋርጥም፤ ጢሟ ግድግዳውን እየነካ ጥጉን ይዛ ነው የምትሄደው። ስለዚህ ወጥመዱ ከግድግዳው ጋር ቀጥ ባለ ማዕዘን ይቀመጥ፣ ምግብ የሚደረግበት ጫፉም ግድግዳውን ይንካ። መኪናው ላይ የምትወጣው በጎማው በኩል ነውና በየጎማው ጀርባም አስቀምጡ። አይብ የካርቱን ነገር ነው። የአንድ ፍሬ አተር ያህል የኦቾሎኒ ቅቤ ቀቡበት፤ ስለሚጣበቅ ነጥቃ መሮጥ አትችልም፣ ስትልሰው ይዘጋባታል።

ትልቋ አይጥ አዲስ ነገር ትፈራለች። ትናንት ያልነበረ ዕቃ ዛሬ መንገዷ ላይ ካየች ለቀናት ዞራው ታልፋለች። እሷን ለመያዝ ወጥመዱን ሳታጠምዱ ምግብ ብቻ አድርጉበትና ተዉላት። ሁለት ሦስት ሌሊት ተማምና ከበላች በኋላ አጥምዱ። ትንሿ ደግሞ በተቃራኒው አዲስ ነገር ለማየት የምትሮጥ ናት፣ በመጀመሪያው ሌሊት ልትያዝ ትችላለች። ነገር ግን ከጎጆዋ ርቃ ስለማትሄድ ወጥመዶቹ በ2 ወይም በ3 ሜትር ልዩነት መደርደር አለባቸው። በሁለቱም አንድ ወጥመድ አይበቃም፤ አንድ ምሽት ላይ ስድስት ማጥመድ አንዱን ለስድስት ሳምንት ከማቆየት ይሻላል። ኮፈን ውስጥ ግን ወጥመድ አታስገቡ። ተረስቶ ሞተሩ ሲነሳ ቺንጋው ወይም ፋኑ ይዞት ሲዞር ጥገናው አይጧ ካደረሰችው ጉዳት ሊበልጥ ይችላል።

ሙጫ ትንሿን አይጥ ይይዛል፤ ትልቋ ብዙ ጊዜ ፀጉሯን ጥላ ትሄዳለች። አቧራ ሲነካው ኃይሉን ያጣል፣ ግቢ ውስጥ ደግሞ ጫጩትና የድመት ግልገል ሳይለይ ይይዛል። የተያዘችውም ቶሎ አትሞትም፣ ስትጮህ ታድራለች፤ ይህን መስማት የማይፈልግ ሰው አይግዛው። ድመት ከተጣበቀባት በምግብ ዘይት አሽታችሁ ማላቀቅ ትችላላችሁ። ሞተር ላይ የተቀመጠ ሙጫ ሲሞቅ ይቀልጥና ያልታሰበ ቦታ ስለሚፈስ እዚያ አይታሰብም።

መርዝ ላይ ረጋ ብለን እንነጋገር፣ ምክንያቱም መጀመሪያ የሚገዛው እሱ ነው። በሜጋፎን እየተጮኸ መንገድ ላይ የሚሸጠው እሽግ ብዙ ጊዜ በውስጡ ምን እንዳለ አይጻፍበትም። ከአይጥ መርዞች አንደኛው ወገን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነው፤ ብሮዲፋኩምና ብሮማዲዮሎን እዚህ ውስጥ ናቸው። አይጧ ከበላች በኋላ ቀናት ትቆያለች፣ ሲያማት ወደ ጎጆዋ ትመለሳለች። ጎጆዋ መኪናችሁ ከሆነ እዚያው ትሞታለች። የአየር ማስገቢያው ውስጥ የሞተች አይጥ ሽታዋ በማሞቂያው በኩል ሳምንታት ሊከተላችሁ ይችላል። ሁለተኛው ወገን ዚንክ ፎስፋይድ ነው፤ ሆድ ውስጥ ካለው አሲድ ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ያወጣል። ለመጀመሪያው ቫይታሚን ኬ ማርከሻ አለው፣ ለሁለተኛው የታወቀ ማርከሻ የለውም። ስም የሌለውን እሽግ ሕፃን ቢቀምሰው ሐኪሙ የትኛውን እንደሚያክም በምን ያውቃል? የተመረዘችውን አይጥ የበላች ድመት፣ ውሻ ወይም ጉጉትም አብራ ልትሄድ ትችላለች። እኔ መርዝን የማስገባው ወጥመድ ያልቻለው ብዛት ሲኖር ብቻ ነው፤ ያም በስሙ የታወቀ ምርት፣ በተቆለፈ ሳጥን፣ ሥራውን በሚያውቅ ባለሙያ እጅ።

መግቢያዋን መዝጋት

የሞተር ክፍል ከሥሩ ክፍት ነው። ቺንጋ፣ ፋንና የጭስ ማውጫ ስላለ ሙሉ በሙሉ ልትዘጉት አትችሉም፤ ሙሉ በሙሉ እዘጋላችኋለሁ የሚል ካለ አትመኑት። ሁለት ቦታዎችን መዝጋት ግን ያዋጣል። አንደኛው ከፊት መስታወቱ ሥር፣ የዝናብ መጥረጊያው አጠገብ ያለው የጋቢና አየር መግቢያ ነው። ከሱ ውስጥ ስትገባ የጋቢናውን አየር ማጣሪያ ጎጆ ታደርገዋለች፣ ማሞቂያ ስትከፍቱም የሚሸተው ከዚያ ነው። ሁለተኛው የሞተሩ አየር ማጣሪያ አፍ ነው።

ለሁለቱም የማይዝግ የብረት ወንፊት ተጠቀሙ። ቀዳዳው ከ6 ሚሊ ሜትር ይነስ፤ ትንሿ አይጥ በዚያ ስፋት ታልፋለች፣ ትልቋ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ይበቃታል። ለትንኝ የሚሆነው ፕላስቲክ ወንፊት ለጥርሷ ምንም አይደለም። የሞተሩ አየር መግቢያ ላይ ግን በጣም የጠበበ ወንፊት አየር ስለሚያንቀው አትጠቀሙ፣ የሚሠራው ሰውም ወንፊቱን ተንቀጥቅጦ እንዳይወድቅ አጥብቆ ይሰረው።

ከሞተር ሥር የሚታሰረው የፕላስቲክ ሽፋን መኪናችሁ ላይ አለ? ዘይት ሲቀየር ተፈትቶ በዚያው የቀረባቸው መኪኖች ብዙ ናቸው። ምንም አዲስ ነገር ሳትገዙ እሱን አስፈልጋችሁ ማስመለስ ብቻ ትልቁን በር ያጠብበዋል።

ሸራ መልበስን በተመለከተ አንድ የተገላቢጦሽ ነገር አለ። በካሊፎርኒያ ሴኮያ ብሔራዊ ፓርክ፣ ሚነራል ኪንግ በተባለው ሸለቆ፣ ማርሞት የምትባል ወፍራም ጉድጓድ ቆፋሪ እንስሳ የመኪና ቱቦና ሽቦ ስለምትበላ ጎብኚዎች መኪናቸውን ከሆዱ ሥር ጀምረው በሸራ ይጠቀልላሉ። እኛ ጋ የተለመደው ከላይ ተጥሎ እስከ መሬት የሚንጠለጠል ሸራ ነው። ያ ለአይጥ ድንኳን ነው፤ ብርሃን ይከለክልላታል፣ ከድመትና ከሰው ዓይን ይሰውራታል። ሸራው ለፀሐይ የግድ ካስፈለገ ከጎማው አጋማሽ በላይ ይሰብሰብ።

ሽቦውን ራሱ ለመሸፈን የሚሸጠው ነገር ብዙ ነው፤ ቁም ነገር ያለው አንዱ የሆንዳ ናስትሮ ነው። በርበሬ እንዲያቃጥል የሚያደርገው ካፕሳይሲን ገብቶበታል፣ አይጥ ስትነክሰው አፏ ይቃጠላል። ዋጋው ከተራ ናስትሮ እጅግ ይበልጣልና መኪናውን በሙሉ ልትጠቀልሉበት አይደለም፤ አንዴ የተበላውና የተጠገነው ቦታ ላይ ብቻ ይዋል። ታዲያ ሚጥሚጣ ቤት ሞልቶ ለምን ናስትሮ ይገዛል? ደረቁ ዱቄት የመጀመሪያው ጉዞ ላይ ይበናል፣ ዝናብ ያጥበዋል፣ ከዚያም በአየር መግቢያው አልፎ የሹፌሩን ዓይን ያቃጥላል። በዘይት ለውሶ የሚቀባ ካለ ደግሞ ትኩስ ሞተር ላይ ይጨሳል።

ድምፅ፣ ሽታና ብርሃን

በድምፅ የሚያባርረውን መሣሪያ አልገዛም። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ ሰው እስከ 20 ኪሎ ኸርዝ ሲሰማ አይጥ እስከ 80 ገደማ ትሰማለች። ነገር ግን እንዲህ ያለ ቀጭን ድምፅ ዕቃ አይሻገርም፣ ሞተር ክፍል ደግሞ ግርዶሽ ብቻ ነው፤ አይጧም ትለምደዋለች። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2001 (እ.ኤ.አ.) እነዚህን መሣሪያዎች ለሚሠሩና ለሚሸጡ ከ60 በላይ ድርጅቶች የሚሉትን በማስረጃ እንዲያረጋግጡ ማስጠንቀቂያ ልኳል። ለረጅም ጊዜ የቆመ መኪና ላይ ደግሞ ባትሪ ይጨርሳል።

የልብስ ብል መከላከያ ክኒን፣ ናፍታሊኑን፣ ተዉት። ትነቱ በአየር መግቢያ ጋቢና ይገባል፣ ለሕፃናት ጎጂ ነው። የናና ዘይት በቀናት ውስጥ ይተንናል፤ በየሳምንቱ የሚቀባ ትዕግሥት ያለው ይሞክረው።

ዘበኛ ያለበት ወይም የታጠረ ግቢ ከሆነ ኮፈኑን ከፍቶ ማሳደር ያለ ክፍያ የሚገኝ ጥሩ ዘዴ ነው። ሙቀቱ ይወጣል፣ ጨለማው ይቀራል። ትንሽ መብራት ቢጨመርበት ደግሞ የበለጠ ይሠራል። ለዝናብ ወቅት ግን አይሆንም።

ድመት አይጥ ታጠፋለች የሚለው እምነት ለትንሿ አይጥ ይሠራል። ለትልቋ ግን በ2018 (እ.ኤ.አ.) በኒውዮርክ ብሩክሊን በአንድ የቆሻሻ መልሶ መጠቀሚያ ተቋም የተደረገ ጥናት ሌላ ነው ያሳየው፤ በ79 ቀናት ክትትል ድመቶቹ የገደሉት 2 አይጦችን ብቻ ነበር። አይጦቹ ድመት ሲያዩ ይደበቃሉ እንጂ አያልቁም። ግቢያችሁ ድመት ካለች ሌላ ጣጣም አለ፦ እሷም ሙቀት ፈልጋ ሞተር ላይ ትተኛለች። ጠዋት ከማስነሳታችሁ በፊት ኮፈኑን ደብደብ አድርጉ።

የእናንተ መኪና የቱ ነው?

ዕለት ዕለት የሚነዳ፣ የራሱ ግቢ ያለው ከሆነ ብዙ አትገዙ። ስድስት ወጥመድና የምግብ ምንጭን ማጽዳት ይበቃዋል። የምግብ ምንጭ ስል መጀመሪያ የማስበው ድርቆሽ ነው፤ ግቢ ውስጥ ተሰጥቶ የሚያድር እንጀራ ካለ የቀረው ጥንቃቄ ከንቱ ነው። የዶሮ መኖ፣ የውሻ ትራፊ፣ ጋራዡ ጥግ በማዳበሪያ ከረጢት የቆመ ጤፍ፣ ሁሉም ክዳን ባለው በርሜል ይግቡ። የጋራዡ በር ሥር ያለው ክፍተት በላሜራ ይዘጋ፣ የግድግዳ ቀዳዳ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ተጠቅጥቆበት በሲሚንቶ ይለሰን።

ባለቤቱ ሩቅ ሆኖ ለወራት የሚቆም መኪና ሌላ ነው። ዘመድ በየሳምንቱ አስነስቶ ለአምስት ደቂቃ ማቆየቱ ባትሪውንም አይሞላም፣ ለአይጧም ቤት ማሞቅ ነው። ወይ ግማሽ ሰዓት ይነዳ፣ ወይ ባትሪው ተፈቶ ይቁም። የሚቆመው ከግድግዳ፣ ከእንጨት ክምርና ከቁጥቋጦ ራቅ ብሎ ሲሚንቶ ላይ ይሁን። ከመጥፋቱ በፊት የአየር መቆጣጠሪያው ወደ ውስጥ ዝውውር ይዙር፤ ብዙ መኪኖች ላይ ይህ የጋቢናውን አየር መግቢያ ይዘጋዋል። የሁለቱ መግቢያዎች ወንፊት የሚያዋጣው በዋናነት ለዚህ ዓይነቱ መኪና ነው። አደራ የተቀበለው ሰው በየሳምንቱ ኮፈኑን ከፍቶ ፎቶ እንዲልክ ብታደርጉ ደግሞ ከሁሉም መሣሪያ ይበልጣል።

ኮንዶሚኒየም ላይ የቆመ መኪና ባለቤት መሬቱን ስለማያዝበት ምርጫው ይጠብባል። የጋራ ግቢ ነውና መርዝም ሙጫም አይቀመጥም። ከቆሻሻ ገንዳው ርቃችሁ አቁሙ፣ የሥር ሽፋኑን አስመልሱ፣ ወንፊቱን አሠሩ። ቀሪው ከሕንፃው ኮሚቴ ጋር የሚደረግ ንግግር ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ያጠመደው ሃያ መኪና ባለበት ግቢ ሩቅ አይሄድም።

የኤሌክትሪክ መኪናስ? በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2024 (እ.ኤ.አ.) ከተከለከለ ወዲህ ይህ ጥያቄ በዝቷል። ሞተሩ ባይቃጠልም ሽቦው፣ የማቀዝቀዣ ቱቦውና ሌሊት ቻርጅ ሲደረግ የሚፈጠረው ሙቀት አለ። ለመከላከል ከሌላው የተለየ ነገር አያስፈልገውም። የሚለየው ጉዳት ሲደርስ ነው፦ ብርቱካናማ ሽቦ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይሸከማል። ጥርስ ያረፈበት ብርቱካናማ ሽቦ ካያችሁ አትንኩት፣ መኪናውንም አትንዱ፤ በዚህ የሠለጠነ ባለሙያ ይምጣ።

ከተበላ በኋላ፦ መቀጠል ወይስ ሙሉ ሽቦ?

መጀመሪያ ማጽዳት ይቀድማል። ኩሱን በደረቁ አትጥረጉ፣ በአየርም አትንፉ፤ ብናኙ በሽታ ያመጣል። ጓንትና ማስክ አድርጋችሁ፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ አርከፍክፉበት፣ 5 ደቂቃ ይራስ፣ ከዚያ በጨርቅ ሰብስባችሁ አስወግዱ። ባትሪው ቀድሞ ይፈታ፣ የሽቦ መጋጠሚያዎች ላይ በረኪና አታፍስሱ።

አንድ ሁለት ሽቦ ብቻ ከሆነ መቀጠል ይበቃል። ነገር ግን ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ጥገና አይደለም፤ እርጥበት ይገባዋል፣ በወራት ውስጥ ይዝጋል። ተበይዶ ወይም በመቆንጠጫ ተጋጥሞ በሙቀት የሚጨማደድ ቱቦ ይልበስ። ሁለት ሆነው እርስ በርስ የተጠማዘዙ ቀጫጭን ሽቦዎች ካሉ የኮምፒውተሮቹ መነጋገሪያ ናቸው፣ ከጥገና በኋላም ጥምዝምዛቸው ሳይፈታ መቆየት አለበት። የኤርባግ ሽቦ፣ ብዙውን ጊዜ ቢጫ፣ በመንደር ጋራዥ አይቀጠል።

የተቆረጡት ከአሥር በላይ ከሆኑ ወይም ጉዳቱ በየቦታው ከተበተነ ሙሉ ሽቦ መቀየር ይሻላል፤ እያንዳንዱ ቅጥያ የወደፊት ችግር ነውና። አዲሱ ውድ ስለሆነ ብዙ ሰው ሶማሌ ተራ ወርዶ ከተፈታ መኪና የወጣ ይገዛል። ያ ያዋጣል፣ ግን የመኪናው ስም አንድ ስለሆነ ብቻ አይገጥምም። የተሠራበት ዓመት፣ የሞተሩ ዓይነት፣ ማርሹ ማንዋል መሆን አለመሆኑ፣ በሽቦው ላይ የተለጠፈው ቁጥርም ከአሮጌው ጋር ይመሳከር።

ኢንሹራንስ ላይ ደግሞ አስገዳጁ የሦስተኛ ወገን መድን ለራሳችሁ መኪና ሽቦ ምንም አይከፍልም። ሙሉ ሽፋን ያላችሁ ውሉ ውስጥ የአይጥ ወይም የእንስሳት ጉዳት የተገለለ መሆኑን አንብቡ፣ ካልተጻፈ በጽሑፍ ጠይቁ። አሜሪካ ያላችሁ አብዛኛውን ጊዜ "ኮምፕሪሄንሲቭ" የሚባለው ሽፋን ይከፍላል፣ "ኮሊዥን" ብቻ ያለው አያገኝም፤ ከካሳው ላይ የሚቀነሰው የራሳችሁ ድርሻ ከጥገናው ዋጋ በልጦ እንደሆነ አስሉ። በየትኛውም አገር ብትሆኑ ጎጆውን ከማንሳታችሁ በፊት የተቆረጠውን ሽቦ፣ ኩሱንና የታርጋ ቁጥሩን በአንድ ላይ የሚያሳይ ፎቶ አንሱ፤ መካኒኩም በደረሰኙ ላይ የጉዳቱን ምክንያት ይጻፍ።